ዜማው የታወቀ፣ ድምፁ የተረሳ፦ የ«አይ ላይክ ቱ ሙቭ ኢት» ታሪክ

«ማዳጋስካር» የተሰኘውን የአኒሜሽን ፊልም የተመለከተ ልጅ ሁሉ የሊመሮቹን ንጉሥ ጭፈራ ያስታውሳል። ሊመር በማዳጋስካርና በአቅራቢያዋ ባሉ ደሴቶች የሚኖር፣ ጅራተ ረጅም የዛፍ ላይ እንስሳ ነው። በፊልሙ ውስጥ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፣ ነገዱን ሰብስቦ ሲጨፍር ልጆች ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አብረውት ይወዛወዛሉ። ዘፈኑ ግን ለፊልሙ የተሠራ አይደለም። ፊልሙ ለእይታ ከመብቃቱ 12 ዓመት አስቀድሞ በኒውዮርክ የታተመ ነጠላ ዜማ ነው፤ መጀመሪያ የዘፈነውም የፊልሙ ተዋናይ ሳይሆን ማርክ ኳሺ የተባለ በትሪኒዳድ የተወለደ ድምፃዊ ነው።

ነጠላ ዜማው «አይ ላይክ ቱ ሙቭ ኢት» ይባላል፤ «ማወዛወዝ ደስ ይለኛል» እንደማለት ነው። በ1993 ያሳተመው «ስትሪክትሊ ሪዝም» የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ሲሆን፣ በሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም «ሪል ቱ ሪል» ከ«ዘ ማድ ስተንትማን» ጋር የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ«ሪል ቱ ሪል» ጀርባ የነበረው ፕሮዲውሰርና ዲጄ ኤሪክ ሞሪዮ ነው። ሞሪዮ በ1971 በኒውዮርክ ተወልዶ፣ ልጅነቱን በኮሎምቢያዋ ካርታሄናና በአሜሪካ ኒውጀርሲ ያሳለፈ ሲሆን፣ ከዚህ ዘፈን በፊት ኤል ጄኔራል ከተባለው የፓናማ ሬጌ ዘፋኝ ጋር ሠርቷል። የካሪቢያን ድምፅ ለጆሮው እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

«ዘ ማድ ስተንትማን» ኳሺ ለራሱ ያወጣው የመድረክ ስም ነው። ስተንትማን የሚባለው በፊልም ሥራ ከፎቅ የሚዘለውን፣ ከሚበር መኪና የሚወረወረውን ትዕይንት በዋናው ተዋናይ ፋንታ የሚሠራ ሰው ነው። አደጋውን እርሱ ይቀበላል፤ በማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው ግን የሌላው ፊት ነው። ስሙን ሲመርጥ ይህን አስቦ ባይሆንም፣ በኋላ የደረሰበት ነገር ከስሙ ጋር መግጠሙ ያስገርማል።

ዘፈኑ የሁለት የሙዚቃ ስልቶች ልጅ በመሆኑ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ሃውስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቺካጎ ከተማ የተወለደ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ስሙ ፍራንኪ ናክልስ የተባለው ዲጄ ሙዚቃ ያጫውትበት ከነበረው «ዌርሃውስ» የተሰኘ የጭፈራ ቤት የመጣ እንደሆነ ይነገራል። የእኛ የሠርግ ቤት ከበሮ ይሰብራል፣ ይወዛወዛል፣ ጭብጨባውም መሐል መሐሉን እየገባ ያሟሙቀዋል። የሃውስ ከበሮ ግን በማሽን የሚመታ በመሆኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይዛነፍም፤ በደቂቃ 120 ያህል ጊዜ በእኩል ልዩነት ይመታል። ይህ የሆነበት ተግባራዊ ምክንያት አለ። ዲጄው አንዱን ሸክላ ከሌላው ጋር ሳይቆራረጥ እንዲያያይዝ ምቶቹ መገጣጠም አለባቸው፤ ጨፋሪውም ሌሊቱን ሙሉ እርምጃው አይደናቀፍበትም።

ራጋ ደግሞ የጃማይካ ነው። ሬጌ ከሚታወቅባቸው በእጅ ከሚመቱ መሣሪያዎች ይልቅ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚቀነባበር የሬጌ ዘር ሲሆን፣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከ1985 ጋር ይያያዛል። በዚያ ዓመት ዌይን ስሚዝ የተባለው ድምፃዊና ኪንግ ጃሚ በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮዲውሰር ለ«አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» የተጠቀሙት ምት ካሲዮ ከተባለች አነስተኛ ኪቦርድ የተገኘ ነበር። የራጋ ድምፃዊ እንደ ተለመደው ዘፋኝ ዜማውን አያስረዝምም፤ ስንኙን በምቱ ላይ እየደረደረ በግማሽ ንግግር፣ በግማሽ ዜማ ይወርድበታል። በእኛ ዘንድ ቅርቡ ሽለላና ፉከራ ነው። ፎካሪው ድምፁን ጎርነን አድርጎ ቃላቱን በአንድ ትንፋሽ እንደሚያወርደው ሁሉ፣ የራጋ ድምፃዊም ኃይሉ ከዜማው ውበት ይልቅ በአነጋገሩ ግርማና ፍጥነት ላይ ነው። በአገራችንም ጆኒ ራጋ የተባለው ድምፃዊ ስልቱን እስከ ስሙ ድረስ ይዞት ይታወቃል።

ትሪኒዳድና ጃማይካ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስሞች አይደሉም። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ሁለቱንም ደሴቶች በተከታታይ ጎብኝተዋል። ኳሺም በልጅነቱ ከትሪኒዳድ ወደ ኒውዮርክ ብሩክሊን የሄደ ሲሆን፣ ብሩክሊን በርካታ የካሪቢያን ስደተኞች የሰፈሩበት፣ የጃማይካ ሙዚቃም የሚደመጥበት አካባቢ ነው።

በዘፈኑ ውስጥ ሥራው የተከፈለው በግልጽ ነው። ከበሮውንና ተደጋጋሚውን የኪቦርድ ሐረግ ሞሪዮ አቀረበ፤ ቃሉንና ድምፁን ኳሺ ሰጠ። ልጆች የሚያውቁት አዝማቹን ብቻ ነው። ሙሉው ዘፈን ሲደመጥ ግን ከአዝማቹ በኋላ የሚመጡት ስንኞች የሴት ልጅን ውበት፣ በተለይም ያለ ቅባትና ያለ ቀለም የሚታየውን የተፈጥሮ ውበቷን የሚያወድሱ ናቸው። በእኔ ግምት የዘፈኑ ጉልበት ያለው በዚህ ንጽጽር ላይ ነው፤ ከበሮው ድርቅ ብሎ ሲሄድ፣ ሰውየው በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይፈነጫል። ድምፁ ቢወጣለት የሚቀረው እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የሃውስ ሸክላዎች አንዱ ነበር።

አቀባበሉ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሁለት ዳርቻዎች የተለያየ ሆነ። በአውሮፓ ወዲያው ተወደደ። በኔዘርላንድስ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃን ያዘ፤ በብሪታንያ በ1994 እስከ አምስተኛ ደረጃ ወጣ። ለዚህ ጆሮው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1993 ሻጊ በ«ኦ ካሮላይና» የብሪታንያን ሰንጠረዥ መርቷል፤ በ1994 መባቻም ቻካ ዴመስና ፕላየርስ የተባሉት ጃማይካውያን እዚያው አንደኛ ነበሩ። የራጋ አነጋገር በሬዲዮ መሰማቱ ለአድማጩ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ከሃውስ ከበሮ ጋር መምጣቱ ነበር። ዘፈኑ በተሠራባት አሜሪካ ግን በዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ከ89ኛ ደረጃ አላለፈም። የራጋው ንግግር አስቸግሯቸው ነው እንዳይባል፣ በ1993 ስኖው የተባለው ካናዳዊ በዚያው አነጋገር በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ሰንብቷል። ይልቁን በወቅቱ ሃውስ በአሜሪካ የክለቦች ሙዚቃ ሆኖ ሲቀር፣ በአውሮፓ ቀን በሬዲዮ የሚሰማ ሙዚቃ መሆኑ ልዩነቱን የተሻለ ያብራራል።

በ2005 «ማዳጋስካር» ወጣ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ዘፈኑንም ሰንጠረዡ ካደረሰው እጅግ ርቆ ወደሚገኝ ቤት ሁሉ አደረሰው። ይሁን እንጂ በፊልሙ የሚሰማው የንጉሡን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው የሳሻ ባሮን ኮኸን ድምፅ ነው። በ2008 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ዊል አይ አም ዘፈነው። በብዙዎች ጆሮ የቀረው አዝማቹ ነው። አንድ ትውልድም ዘፈኑን የእንስሳ ዘፈን አድርጎ አደገበት።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የገንዘብም የስምም ነው፤ ድምፁ በሌላ ሰው ከተተካ ለመጀመሪያው ድምፃዊ ምን ይቀርለታል? በቅጂ መብት መርሕ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንደኛው ግጥሙንና ዜማውን የፈጠረው የደራሲው መብት ነው። ሁለተኛው ተዛማጅ መብት የሚባለው ሲሆን፣ ዘፈኑን በድምፁ ያቀረበውን ከዋኝ፣ ቅጂውን ያሳተመውንና የብሮድካስት ድርጅቶችን ይመለከታል። ዘፈን በሌላ ሰው ድምፅ እንደገና ሲቀዳ የከዋኙ መብት አይከተለውም፤ እርሱ ያለው በዚያ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ነው። የደራሲው መብት ግን ዘፈኑ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ኳሺ ከሞሪዮ ጋር በደራሲነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ ድምፁ በተተካበት ፊልም ውስጥ እንኳ ዘፈኑ የእርሱም ሥራ እንደሆነ ይቆጠራል። በእንግዳ ድምፃዊነት ብቻ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ የሊመሩ ጭፈራ እርሱን የሚመለከት ጉዳይ አይሆንም ነበር።

በኢትዮጵያም ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ደራሲውንና ከዋኙን ለየብቻ ያውቃቸዋል። ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም፤ ሥራው ወጥ እንዲሆን፣ እንዲሁም በጽሑፍ ወይም በቅጂ ግዘፍ እንዲያገኝ ግን ይጠይቃል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ሲያዜመው ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ሲነጋም ሁሉም ይረሳዋል። ያው ጨዋታ በስልክ ተቀርጾ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በማኅበር ሆነው ዘፈን የሚያስቀርጹ የገጠር ወጣቶች ከስቱዲዮ ከመውጣታቸው በፊት ግጥሙን ማን እንደ ጻፈ፣ ዜማውን ማን እንዳወጣ፣ ማን እንደ ዘፈነ በአንድ ወረቀት ላይ ለየብቻ አስፍረው ቢፈራረሙ ለኋላ ክርክር መልስ ይሆናቸዋል።

ኤሪክ ሞሪዮ በመስከረም 2020 በ49 ዓመቱ በማያሚ ቢች ሕይወቱ አልፏል። ሁለቱ ከዚህ ነጠላ ዜማ በኋላ «ጎ ኦን ሙቭ»ን የመሳሰሉ ሥራዎችን አብረው አሳትመዋል፤ በ1994 የወጣው አልበማቸውም «ሙቭ ኢት» ይባላል። የኳሺን ስንኞች በራሱ ድምፅ መስማት የሚሻ ሰው የፊልሙን ሳይሆን ያንን የመጀመሪያውን ቅጂ መፈለግ ይኖርበታል።