ምስክሩ ማን ነው? ከኢጃዛ እስከ መውጫ ፈተና

አማኑኤል፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ የምትኖር አንዲት እህት እናስብ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አባቷ ወይፈን ሸጦ፣ የጎደለውን ሱቅ ካለው ወንድሙ ተበድሮ የግል ኮሌጅ አስገባት። ዓመታት ተምራ፣ ጋዋን ለብሳ፣ ፎቶ ተነስታ ተመረቀች። ሥራ ፍለጋ ስትሄድ ግን ስለ ዕውቀቷ ከመጠየቋ በፊት ሌላ ጥያቄ ቀረበላት፤ «ትምህርት ክፍሉ በተመረቅሽበት ካምፓስ ዕውቅና ነበረው?»

ብዙ ወጣት ይህን ጥያቄ የሚሰማው ገንዘቡም ጊዜውም ካለቀ በኋላ ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። «ይህ ሰው በእርግጥ ተምሯል ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው?» የሚለው ነገር የሰው ልጅ መማር ከጀመረ ጊዜ አንስቶ አብሮት ያለ ነው። መልሱ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ማወቅ ዛሬ ስለ ኮሌጆች ዕውቅና የሚወራውን ለመረዳት ይጠቅመናል።

ሰው ለሰው ሲመሰክር

አያቶቻችን ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ወይም ሾንኬ የሚቀራውን ደረሳ «ኮሌጁ ዕውቅና አለው?» ብለው አይጠይቁም ነበር። የሚጠይቁት «ማን ዘንድ ቀራ?» ብለው ነው። ደረሳው ኪታቡን ከሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ይጨርሳል። ሸኹ ከረካ ያንን ኪታብ እንዲያስተምር ኢጃዛ ይሰጠዋል። ኢጃዛው ሸኹ ራሱ ከማን እንደተቀበለ፣ ያም ከማን እንደተቀበለ የሚናገር ሰንሰለት አለው። የፊቅህ ኢጃዛ ያለው ሁሉ ነሕው ያስተምራል ማለትም አይደለም። ፈቃዱ ለዚያ ዕውቀት ብቻ ነው።

በጎጃምና በዙሪያው ያለው የቤተ ክህነት ትምህርትም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ «ካላስመሰከረ»፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ዙር አባ ካልደረሰ፣ በሙሉ መምህርነት አይታወቅም። ቅኔ ደግሞ እንደ ዋሸራ ባሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ስሙ የገነነ ነው። «ማስመስከር» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል።

የሁለቱም ሥርዓት ጥንካሬ አንድ ነበር። መምህሩ የሚመሰክረው በራሱ ስም ነው። ያልበቃን ደረሳ ቢያሳልፍ የሚዋረደው እሱ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነበር። ተማሪው በሺህ ሲቆጠር፣ ቀጣሪው መምህሩን በስም በማያውቅበት ከተማ፣ የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

አል-አዝሀር የገጠመው ፈተና

ይህ ችግር ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ካይሮ ነው። አል-አዝሀር ውስጥ ከእኛ አካባቢ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያድሩበት የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበር። የግብፅን ታሪክ የጻፈው የታወቀው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቤተሰብም ከዚያ ሪዋቅ ጋር የተሳሰረ ነው።

እዚያም ማስተማር የሚፈቀደው ለረጅም ዘመን በሸኾች ኢጃዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ግን አዲስ ደንብ ወጣ። አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ሁሉ ስድስት ሸኾች ባሉበት ቦርድ ፊት በ11 የትምህርት ዓይነቶች እንዲፈተን ተደነገገ። የአንድ መምህር ምስክርነት ወደ ተቋም ምስክርነት ተሻገረ። እንግዲህ የመመዘኛ ማሻሻያ የፈረንጅ ብቻ ሐሳብ አይደለም። የእኛው ዑለሞች ከ150 ዓመት በፊት የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው።

መንግሥት ምስክር ሲሆን

አገራችን ውስጥ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት ተቋማቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የመሠረታቸውም፣ የሚያስተዳድራቸውም፣ ተመራቂያቸውን የሚቀጥረውም በአብዛኛው መንግሥት ስለነበር «ማን ይመስክር?» የሚል ክርክር ብዙም አልተነሳም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የግል ኮሌጆች በየከተማው ተከፈቱ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በዙ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፣ ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስለዚህ ዳኛ አስፈለገ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 650/2001 ሥራውን አጠናከረ።

ኤጀንሲው የዕውቅና ፈቃድ ሲሰጥ በዋናነት የሚያየው የግብዓት ነገር ነበር። ሕንፃው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላቦራቶሪው፣ የመምህራኑ ብዛትና ደረጃ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ። ሁለት ቀዳዳዎች ግን ቀሩ። አንደኛ፣ ገምጋሚ ሲመጣ ተሟልቶ የሚታይ ነገር ገምጋሚው ሲሄድ ሊጎድል ይችላል፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መኖሩም ተማሪው ማንበቡን አያሳይም። ሁለተኛ፣ ለረጅም ዓመታት የዕውቅና ፈቃድ የሚጠየቁት የግሎቹ ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት ደንብ ስለሚቋቋም ፈቃድ እንዳለው ይቆጠር ነበር። ዳኛው አንዱን ተጫዋች ብቻ ካርድ የሚያሳይበት ጨዋታ ማለት ነው።

ነሐሴ 2002

ማሻሻያ በድንገት ሲመጣ ማንን እንደሚመታ ያየነው በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት እንዲቆም፣ የግል ተቋማትም ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ወሰነ። ምክንያቱ የጥራት መጓደል ነበር፤ ችግሩም በእርግጥ ነበረ። በርቀት የሚማረው ግን ማን ነበር? ገጠር የተመደበ መምህር፣ ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ሱቅ የሚጠብቅ ወጣት። እንደ አማኑኤል ባለች ትንሽ ከተማ ለሚኖር ሰው ሥራውን ሳይለቅ ዲግሪ የሚደርስበት ሌላ መንገድ ጥቂት ነበር።

ከተቋማቱ ጋር ንግግር ከተደረገ በኋላ የርቀት ትምህርት መመዘኛ ተቀምጦለት እንዲቀጥል ተፈቀደ። ሕግና መምህርነት ግን ለመንግሥት ተቋማት ቀሩ። ከዚህ የምንማረው፣ መመዘኛውን ሳያስተካክሉ በሩን መዝጋት ተማሪውን መቅጣት መሆኑን ነው።

ተማሪው ሲመዘን

አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የቀድሞዎቹን ተካ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኤጀንሲው ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንነት ተለወጠ። ትልቁ ለውጥ የታየው ግን በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሕግ ትምህርት የሚታወቀው የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሆነ። ያላለፈ በድጋሚ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ግን ዲግሪ አያገኝም።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት አገር አስደነገጠ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው 12,422 አለፉ፤ 17 በመቶ ገደማ። ከመንግሥት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ 62 በመቶ ገደማ።

ብዙ ሰው የግሎቹን ቁጥር ብቻ አይቶ «አልኩህ እኮ» አለ። ሁለቱን ግን አብረን እንያቸው። የግል ኮሌጆች የሚቀበሉት በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰውን ተማሪ ስለሆነ መነሻው እኩል አይደለም። በሌላ በኩል፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረው የወደቁት 29,349 ናቸው። እነዚህ ለዓመታት የዕውቅና ፈቃድ ሳይጠየቁ ከቆዩ ተቋማት የወጡ ናቸው።

የመውጫ ፈተናው የድሮውን ጥያቄ መልሶ አመጣ። ሕንፃው ሳይሆን ሰውዬው ተመዘነ፤ ይህ ወደ ኢጃዛው መንፈስ የቀረበ ነው። አንድ ነገር ግን ጎደለው። በኢጃዛ ተማሪው ሲወድቅ መምህሩም ያፍራል። በመውጫ ፈተና ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሄደው ተማሪው ነው። የከፈለው ገንዘብ አልተመለሰለትም፣ አራት ዓመቱም አልተመለሰለትም።

በሩ ለማን ይዘጋል?

መመዘኛ ማጥበቅ ሌላም አገር ሁለት ፊት አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1910 ሪፖርት አወጣ። ደካማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የሕክምና ትምህርትም ተሻሻለ። ነገር ግን ከሰባቱ የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ሃዋርድና መሃሪ። ጥቁር ሐኪም የማግኘት ዕድል ለትውልድ ጠበበ። መመዘኛው ስህተት ስለነበረ አይደለም። የሚዘጋውን በር የሚተካ ሌላ በር ስላልተከፈተ ነው።

በቅርቡ ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን በአዲስ መስፈርት እንደገና መመዝገብ ሲጀምር ልንጠይቅ የሚገባን ይህንኑ ነው። ደካማው ይዘጋ፤ ጥሩ። ግን ትምህርት ያልጨረሱት ተማሪዎች ወዴት ይሄዳሉ? ማስረጃቸውን ማን ይይዝላቸዋል? መስፈርቱስ ለግልም ለመንግሥትም እኩል ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ማሻሻያ ይደገፋል። መልስ የሌለው ግን የተቋማትን ጥፋት ለተማሪው ያሸክማል።

እስከዚያው ራስን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለማስተማሪያው ዓይነት፣ ማለትም መደበኛ ወይም ርቀት፣ ለየብቻው ነው። የኢጃዛው ሕግ ማለት ነው፤ ፊቅህ ያቀራ ሁሉ ነሕው አያቀራም። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው በእናንተ ከተማ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የምማረው ዘርፍ ፈቃድ አለው? በዚህ ካምፓስ ነው? በምማርበት መንገድ ነው? ጊዜው አላለፈም? ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ብቻ አትመኑ፤ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ያለፉት ተማሪዎች በመውጫ ፈተና ስንቶቹ እንዳለፉም ጠይቁ። መልስ የሚያድበሰብስ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አያቶቻችን «ማን ዘንድ ቀራህ?» ሳይሉ ልጃቸውን ለማንም አይሰጡም ነበር። ወይፈኑ ከመሸጡ በፊት ያንኑ እንጠይቅ። ዘንድሮ ለሚመዘገቡ ወንድምና እህቶቻችሁም አድርሱላቸው።