ቅይጥ ስልት እንደ ሐሳብ፦ ቁስና ቀለም በእስክንድር ቦጎሲያን ሥራዎች

እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) በደማቅ ቀለማቱና እርስ በርስ በሚጠላለፉ ምናባዊ ፍጡራኑ ስሙ የገነነ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ ሥራዎቹም ብዙ ጊዜ የሚተነተኑት የሕልምንና የኅሊናን ስውር ዓለም ከሚያስሰው የሱሪያሊዝም እንቅስቃሴ ጋር ባላቸው ዝምድና ነው። ይህ ንባብ ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ ምክንያቱም በእስክንድር ዘንድ ትርጉም የሚፈልቀው ከተሣለው ምስል ብቻ ሳይሆን ምስሉን ከተሸከመው ቁስም ጭምር ነው።

ሠዓሊው በ1955 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄዶ ከተማረ በኋላ በፓሪስ ለዓመታት ኖሯል፤ በዚያም የሠዓልያኑን የፖል ክሌን፣ የዊፍሬዶ ላምንና የሮቤርቶ ማታን ሥራዎች በቅርብ አጥንቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራው «የጁጁ ሠርግ»፣ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው፣ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራ፣ ማለትም እንደ እንቁላል አስኳል ባለ ማጣበቂያ በተለወሰ ቀለም፣ እንዲሁም የብረት ነጸብራቅ ባለው ቀለም የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት በዘይት ቀለም የሣለው «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» ደግሞ ኮላዥን፣ ማለትም ወረቀትና መሰል ቁሶችን በሥዕሉ ገጽ ላይ የማጣበቅን ዘዴ፣ ከቀለሙ ጋር ያዋሕዳል። በ«የጁጁ ሠርግ» የተቀደደው ጠርዝ እንደ መስመር ያገለግላል፤ ብረታማው ቀለምም ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርሃኑን ስለሚለዋውጥ፣ ሥዕሉ አንድ ቋሚ ገጽታ አይኖረውም።

ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የክታብ ጥበብ ውስጥ ጥልቅ ሥር አለው። ለፈውስና ለጥበቃ በሚጻፈው ክታብ ላይ ጠልሰሙ፣ ማለትም ዓይንና ፊት የሚበዛበት የመከላከያ ሥዕል፣ ከጸሎቱ ጋር አንድ ላይ ይሠፍራል፤ ብራናውም በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ስለሚዘጋጅ ቁሱ ራሱ የኃይሉ ተካፋይ ይሆናል። እስክንድር ከዚህ ቅርስ የወሰደው ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ቁስ ትርጉም አለው የሚለውን መሠረታዊ እሳቤ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከዛፍ ልጥ በተሠራ ወረቀት ላይ ቅርጾችን በእምቅታ አጉልቶ ያዘጋጀው «የጊዜ ዑደት 3» የተሰኘው ሥራ፣ ይህ እሳቤ ከወጣትነት ዘመኑ ባሻገር እንደዘለቀ ያሳያል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በማስተማሩ፣ ተጽዕኖው ከአንድ ትውልድና ከአንድ አገር አልፏል። በእንዲህ ያለ ሥራ ቁሱ ራሱ የትርጉም ምንጭ በመሆኑ፣ የእርሱንም ሆነ በቅይጥ ስልት፣ ማለትም የተለያዩ ቁሶችንና ዘዴዎችን በማዋሐድ፣ የሚሠሩ ሌሎች ሠዓልያንን ሥራ የሚያቀርብ ዐውደ ርእይ ቁሱንና የአሠራር ዘዴውን በዝርዝር ማስረዳት፣ ብርሃኑንም የገጹን ከፍታና ዝቅታ በሚያጎላ መንገድ ማደራጀት ይገባዋል፤ ኅትመት ሸካራውን ገጽ ለጥ ያለ ምስል ስለሚያደርገው፣ ኀያሲም ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ዋናውን ሥራ ፊት ለፊት ሊያይ ይገባል።