ትሮትሊንግ፦ ኢንተርኔትን ማንቀራፈፍ

ኢንተርኔት ጨርሶ ሲዘጋ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ያውቃል፤ ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅም አያስቸግርም። ሲንቀራፈፍስ? ስልኩ አርጅቶ ይሆናል፣ ፓኬጁ አልቆ ይሆናል፣ መስመሩ ተጨናንቆ ይሆናል። ስልኩን አጥፍቶ የሚያበራ፣ የዋይፋዩን ሣጥን ነቅሎ የሚሰካ ብዙ ነው፤ «ሳንሱር ደረሰብኝ» የሚል ግን የለም። ትሮትሊንግ የሚባለው ዘዴ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ብዥታ ነው።

ቃሉ አንድን ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይም አካባቢ ከኢንተርኔት ሳያቋርጡ ፍጥነቱን ሆን ብሎ መቀነስ ማለት ነው። «ፍጥነት መገደብ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ «ማንቀራፈፍ» ይሻላል እላለሁ፤ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ እያለ የሚያማርር ሰው ያለ አስረጂ ይገባዋል። እርግጥ የቀነሰ ፍጥነት ሁሉ ሳንሱር አይደለም። ገደብ የለሽ የተባለ ጥቅል ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ዝግ የሚለው በውሉ ላይ ስለተጻፈ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ተጠቃሚው ያልፈረመበት፣ ይዘቱ ወይም የሚኖርበት ቦታ ተለይቶ የሚፈጸመው ነው።

ሩሲያ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ሮስኮምናድዞር ቴሌግራምን ለመዝጋት ሲሞክር በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማዞንና የጉግል አድራሻዎችን አብሮ ዘጋ፤ ቴሌግራም ግን መሥራቱን ቀጠለ። በ2019 የወጣው «ሉዓላዊ ኢንተርኔት» የተሰኘው ሕግ የቴሌኮም ኩባንያዎች የመንግሥት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በመስመራቸው ላይ እንዲያስገቡ አስገደደ። መጋቢት 10 ቀን 2021 ሮስኮምናድዞር ትዊተርን እንደሚያንቀራፍፍ በይፋ አስታወቀ፤ ምክንያቱ ሕገ ወጥ ያላቸውን ጽሑፎች አላነሳም የሚል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመሰጠር ቢሆንም፣ ስልካችን ግንኙነት ሲጀምር የሚፈልገውን ገጽ ስም አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይልካል፤ ፖስታው ቢታሸግም አድራሻው በላዩ ላይ እንደሚነበብ ማለት ነው። መሣሪያው ስሙን አንብቦ ከዝርዝሩ ጋር ከገጠመ፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሚመጣውን መረጃ እየጣለ ያሳልፋል። ጉዳዩን የለኩ ተመራማሪዎች ትዊተር በሰከንድ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ቢት ላይ ተወስኖ እንደነበር አረጋግጠዋል። በዚህ ፍጥነት የ3 ሜጋባይት ፎቶ ለማውረድ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቪዲዮ ማየትማ አይታሰብም።

መጀመሪያ ላይ አንድ አስቂኝ ስህተት ተፈጠረ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ትዊተር ሊንኮችን የሚያሳጥርበት «ቲ ነጥብ ኮ» የሚለው አድራሻ ነበር። መሣሪያው ደግሞ እነዚህን ፊደላት በየትኛውም ስም ውስጥ ይፈልግ ስለነበር፣ አድራሻቸው በ«ቲ ነጥብ ኮም» የሚያልቀው ማይክሮሶፍትና ሬዲትም አብረው ተንቀራፈፉ።

በ2024 ክረምት ተራው የዩቲዩብ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ምክንያት ጉግል በሩሲያ ያሉትን መሣሪያዎቹን አልጠገነም የሚል ነበር። ሐምሌ ላይ ግን አንድ የሩሲያ ምክር ቤት የኮሚቴ ሰብሳቢ በኮምፒውተር የሚታይ ዩቲዩብ ፍጥነቱ በሳምንቱ መጨረሻ 40 በመቶ፣ በቀጣዩ ሳምንት እስከ 70 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ተናገረ። የተበላሸ መሣሪያ መቼ በስንት በመቶ እንደሚደክም ቀን ቆርጦ አይናገርም።

በሕንድ ካሽሚር የተንቀራፈፈው አካባቢው በሙሉ ነው። ነሐሴ 2019 ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በ2020 መጀመሪያ ሲመለስ የሞባይሉ በ2ጂ ፍጥነት ብቻ ነበር። ፈጣኑ 4ጂ ለመላው ክልል የተመለሰው የካቲት 2021 ነው። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ወደ ስክሪን ሲዛወር የካሽሚር ተማሪዎች በ2ጂ ነበሩ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 2020 ላይ ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ ማገድ እንደማይፈቀድ፣ የእገዳ ትእዛዝም መታተም እንዳለበት ወስኖ ነበር። የ2ጂው ጉዳይ ሲቀርብለት ግን 4ጂውን ራሱ አልመለሰም፤ በግንቦት ለልዩ ኮሚቴ መራው። ተዘግቷል እንዳይባል ክፍት ነው፤ ክፍት ነው እንዳይባል አይሠራም።

እኛ አገር በደንብ የምናውቀው መዘጋትን ነው፦ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ያህል የተቋረጠውን፣ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ገደማ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ላይ የተጣለውን እገዳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ስለ ማንቀራፈፍ ግን በስም የሚናገር ሕግ ቢኖር ክርክሩ ያጥር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2015 ደንብ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይዘትን «እንዳይዘጉ» ብቻ ሳይሆን «እንዳያዘገዩ» ጭምር ይላል፤ ልዩ ሁኔታዎቹንም ለይቶ ዘርዝሯል። የእኛ ሕግ አውጪዎችም ይህችን አንዲት ግስ ቢጨምሩ ምንም አይከብዳቸውም።

እስከዚያው የሚጠረጥር ሰው በራሱ ሊፈትሽ ይችላል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስመር ሁለት የተለያዩ ገጾችን ይክፈት፤ ከዚያ የሚከፈተውን ገጽ ስም ከመሣሪያው የሚሰውረውን ቪፒኤን አብርቶ ይድገመው። ቪፒኤን መንገዱን ስለሚያስረዝም እንደ ደንቡ ፍጥነት ይቀንሳል። ሲበራ አንዱ ገጽ ብቻ በእጅጉ ከፈጠነ፣ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተለካውን ፍጥነት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ያለ ማስረጃ ቅሬታው «ኔት አስቸገረኝ» ከማለት አያልፍም።