ውርጭና ገብስ፦ የኢንሱሊን መዛባት በጉና ደጋ ፈረሶች

የፈረስ ኢንሱሊን መዛባት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በአውሮፓና በአሜሪካ ለምለም መስክ ላይ ያለ ሥራ የሚውል የደለበ ፈረስ ነው። በደብረ ታቦር ጋሪ የሚጎትተው፣ ከጉና ሥር ገብስና ድንች ተጭኖ ገበያ የሚወርደው ፈረስ ግን አብዛኛውን ዓመት የሚታገለው ከመክሳት ጋር ነው። ያም ሆኖ ችግሩ ደጋውን አይነካውም ማለት አይቻልም። እዚህ አደጋው ሊያይል የሚችለው ክረምቱ ወጥቶ ውርጭ በሚገባባቸው ወራት ነው፤ ከውጭ መጻሕፍት የምንቀዳው የግጦሽ ምክርም ለእነዚያ ወራት እንዳለ አይሠራም።

ፈረስ እንደ ሰው ቆሽቱ ደክሞ በስኳር በሽታ የሚያዘው ከስንት አንዴ ነው። በአብዛኛው የደሙ ስኳር ልኩን ሳይለቅ ኢንሱሊኑ ብቻ ከመጠን በላይ ያሻቅባል፤ ጉዳቱም ሰኮናው ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ጤነኛ ድንክ ፈረሶች የደም ስኳራቸው ሳይዛባ ኢንሱሊን በደም ሥር ሲሰጣቸው በ3 ቀን ውስጥ በላሚናይቲስ እንደተያዙ አሳይቷል። በዚህ የሰኮና ሕመም አጥንቱን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር ያጣበቀው ኅብረ ሕዋስ ይለጠጣል፤ ሲብስ አጥንቱ ይሰምጣል።

አሁን ወደ ሣሩ። ሣር ቀን በፀሐይ ስኳር ይሠራል፣ ሌሊት ለዕድገቱ ያውለዋል። ሌሊቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይገታል፤ ቀን የተሠራው ስኳር ሳይነካ ያድራል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ሌሊት ደግሞ ከፍ ባለው ቦታ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ጓሳና መሰሎቹ የብርድ አገር ሣሮች ትርፉን ስኳር ፍሩክታን አድርገው ያከማቻሉ። ቆላው ላይ የሚበዛው እንደ ሰርዶ ያለ የሙቀት አገር ሣር ይህን አያደርግም። ስለዚህ «ፈረሱን ማለዳ አግጥ፣ ረፋድ ላይ መልስ» የሚለው የተለመደ ምክር በጥቅምትና በኅዳር ጉና ላይ ይፈርሳል፤ ውርጭ ያደረበት ሣር ማለዳም ስኳሩን እንደያዘ ነውና።

በዚያው ሰሞን እህሉ ይደርሳል። ከገብስ ማሳ የታረመው ስናር ቀድሞ ተሰጥቷል፤ ቀጥሎ ቃርሚያው፣ ከዚያም የአውድማው ፍርፋሪ ይመጣል። ለጥምቀት ጉግስ የሚዘጋጅ ፈረስ ደግሞ ለብቻው ገብስ ይታሰብለታል። ከገብስ ፍሬ ደረቅ ክብደት ከግማሽ በላዩ ስታርች ነው። ጥሬው በትንሹ አንጀት በደንብ ስለማይፈጭ ብዙው ወደ ኋለኛው አንጀት አልፎ ይቦካል፤ ይህም በራሱ ሰኮናን የሚጎዳ ሌላ መንገድ ነው። ሲቀቀል ደግሞ ስታርቹ በትንሹ አንጀት ቶሎ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ኢንሱሊኑን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መቀቀል ለከሳ ፈረስ ይጠቅማል፤ ጋማው ሥር ስብ ለቋጠረ ፈረስ ግን አይመከርም።

መከላከያው ደጃችን ላይ አለ። ገለባ ስኳሩ አነስተኛ ነው፤ ጥርሱ ደህና ለሆነ ፈረስ፣ ውሃ በበቂ ከተሰጠው፣ ከድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ ክብደት ይቀንሳል። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የጤፍ ድርቆሽ ስኳርና ስታርች ተደምሮ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። የእኛው ጤፍ ዛሬ በአሜሪካ ኢንሱሊኑ ለተዛባ ፈረስ ይታጨዳል፤ እዚህ ገለባው ለከብትና ለጭቃ ምርጊት ነው የሚፈለገው። ለፈረስም ቢታሰብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የደለበ ፈረስን በአንድ ጊዜ ማስራብ አይገባም። በተለይ ያረገዘች ባዝራና አህያ ድንገት ምግብ ሲያጡ የሰውነታቸው ስብ ወደ ደም ይጎርፍና ሊገድላቸው ይችላል።

ያረጁ ፈረሶች ሌላ ጉዳይ አላቸው፤ ከአንጎል ሥር ያለው ዕጢ ሲታወክ ኢንሱሊናቸው አብሮ ሊዛባ ይችላል። በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥር ይኸው ዕጢ የሚያመነጨው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሕመሙን የሚለየው የምርመራ ልኬት በወር ይለያያል። በደብረ ታቦር የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም ስለማይርቅ፣ የአውሮፓን የመጸው ልኬት እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

ኢንሱሊን የሚለካ ላቦራቶሪ በቅርብ ለሌለው የወረዳ የእንስሳት ሐኪም ሰኮናው ራሱ መዝገብ ይሆነዋል። የታመመው ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ጣት ሲያርፍ ትርታው ይጎላል። ሕመሙ ካለፈ በኋላም በሰኮናው ግድግዳ ላይ ከፊት ጠበብ፣ ወደ ተረከዙ ሰፋ የሚሉ ቀለበቶች ይቀራሉ። ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። እንግዲህ በጥር መጨረሻ ከሰኮናው አናት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቀለበት የጥቅምትን ውርጭ ወይም የዚያን ሰሞን መኖ ይጠቁማል። በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ለሌላ ሕመም የመጣላችሁን ፈረስ ሁሉ ሰኮናውን በማስመሪያ ለኩት፤ ወሩን፣ መኖውንና የጋማውን ሥር ውፍረት አብራችሁ መዝግቡ።