የመስክ ልምምድና የመስክ መምህር፤ ከጎንደርና ከአካባቢዋ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ጎንደር በቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የአቋቋም ማስመስከሪያነቷ ነው። ደቀ መዝሙሩ በየደብሩ ሲማር ከቆየ በኋላ፣ መምህር ተብሎ ወንበር ከመያዙ በፊት ወደ በዓታ ጉባኤ መጥቶ ያወቀውን በመምህሩ ፊት ያሳያል። መምህሩ ይሰማል፣ ያያል፣ ያርማል፤ ሲበቃ ደግሞ ይመሰክርለታል። የተመሰከረለትም ሰው በተራው የሌላውን ደቀ መዝሙር ዜማና እርምጃ የሚያርም መምህር ይሆናል። ትምህርቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ የቻለው አይቶ የሚያርምና የሚመሰክር ሰው ባለመጥፋቱ ነው።

በዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ይህን የሚመስለው ክፍል የመስክ ልምምድ ነው። የጤና፣ የመምህርነትና የሶሻል ወርክ ተማሪ በክፍል የተማረውን በሕዝብ መካከል የሚፈትነው፣ ስሕተቱንም ሳይውል ሳያድር የሚያርመው በዚሁ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪን ወደ መስክ መላክና ተማሪን በመስክ ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በጎንደርና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በአገሪቱ በጠቅላላው፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የታዩት ሙከራዎች ይህን ልዩነት በግልጽ ያስረዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአሳቡ አመጣጥ

ችግረኞችን በየቤታቸው እየጎበኙ የመርዳት ተግባር በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ለብዙ ጊዜ የተካሄደው በበጎ ፈቃደኞች ነበር። አዲሱ ጎብኚ ከነባሩ ጎን ሆኖ እያየ ይማር ነበር እንጂ የተደራጀ ትምህርት አልነበረውም። በ1889 ዓ.ም. ሜሪ ሪችመንድ የተባለችው አሜሪካዊት በቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ማሠልጠኛ እንዲቋቋም አሳብ አቀረበች። በተከታዩ ዓመትም በኒው ዮርክ የስድስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሶሻል ወርክ ትምህርት በሁለት እግሮች የሚቆም ሆኗል፤ አንደኛው የክፍል ትምህርት፣ ሁለተኛው በባለሙያ መሪነት የሚደረግ የመስክ ልምምድ ነው። በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚወስነው ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የመስክ ትምህርትን የሙያው ዋነኛ የማስተማሪያ ዘዴ ብሎ ሲሰይም፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ቢያንስ 900 ሰዓት እንዲመደብ አዟል።

ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ዋናው ነገር ሰዓቱ የሚውልበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የተወሰነ ኃላፊነት ይሰጠዋል፤ ያነጋገረውን ሰው ጉዳይ፣ የተባለውንና ራሱ የመለሰውን ሳይቀር ይመዘግባል፤ በየሳምንቱም ከመስክ መምህሩ ጋር ተቀምጦ መዝገቡን ያነባል። የትምህርት ቤቱ መምህርም በበኩሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ እየሄደ ይጎበኛል። በአማርኛ ይህን መሪ ብዙ ጊዜ «ተቆጣጣሪ» ማለት ተለምዷል። ቃሉ ግን ጥፋት ፈላጊን ስለሚያስታውስ የሥራውን ጠባይ በሚገባ አይገልጽም። እዚህ ላይ «የመስክ መምህር» የተባለው ስለዚህ ነው።

የጎንደር ጤና ኮሌጅ

በአገራችን የተማሪዎችን የመስክ ሥራ ከትምህርት ፕሮግራም ጋር አዋሕደው ከጀመሩት ቀደምት ተቋሞች አንዱ በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ድርጅት፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር በመተባበር ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሌላ በኩል በጣና ዳርቻ ባለው በደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል።

በዚህ ምክንያት ኮሌጁ ያሠለጥናቸው የነበሩት ሠራተኞች በሆስፒታል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች ነበሩ። በኋላ በወጣው የመንግሥት ዕቅድ አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ጥቂት ሠራተኞች ሊያገለግሉ የሚችሉት ሥራቸውን ተከፋፍለውና ተደጋግፈው ከሠሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የልምምዱ አደረጃጀት ከወደፊቱ ሥራ ተቀዳ። የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይሰማራሉ፤ ጤና መኮንኑ በሽተኛ ይመረምራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትጎበኛለች፤ ሳኒተሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጕድጓድ ያስቆፍራል።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ራሱ መምህር ነበር። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቆላ ድባ የወረደ ተማሪ በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ሜዳና ወባን ያያል። ወደ ሰሜን፣ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የወጣው ግን ብርድ፣ ገብስ፣ ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ቤት ያጋጥመዋል። በዚህ ደጋ ሕዝቡ ከብርዱ የተነሣ ተጠጋግቶ ስለሚያድርና ልብስም እንደ ልብ ስለማይታጠብ፣ በቅማል የሚተላለፉት ታይፈስና ግርሻ የሚያሠጉ በሽታዎች ነበሩ። ስለዚህ በደምቢያ የተማሩትን ሳይለውጡ በወገራ ሊሠሩበት አይቻልም። ተማሪው የቤቱን አሠራር፣ የውኃውን ምንጭ፣ የቤተሰቡን ገቢና ልማድ ሳይጠይቅ የበሽታውን ምክንያት ሊያገኝ አይችልም። በዚህ ረገድ የጤናው ተማሪ የመስክ ሥራ ከሶሻል ወርክ ተማሪ ሥራ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው።

ለሥርዓቱ ጽናት የሰጠው ሌላው ምክንያት የተመራቂዎቹ በመስክ መቆየት ነው። ከኮሌጁ የወጡት ሠራተኞች በየጤና ጣቢያው ስለ ተመደቡ፣ ከኋላ የሚመጣው ተማሪ እርሱ የሚማረውን ሙያ አስቀድሞ የተማረ ሰው በቦታው ላይ ያገኛል። የኮሌጁ አቋም በየጊዜው ተለውጧል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋርጦ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ልማድ ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል።

የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ

በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት የተጀመረው በ1951/52 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እገዛ ነበረበት። ትምህርት ቤቱ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። የሶሻል ወርክ ትምህርት እንደ ሙያው ጠባይ ሆስፒታሎችን፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን፣ የሕዝብ ኑሮ እድገት ማዕከሎችንና ይህን የመሳሰሉትን መሥሪያ ቤቶች እንደ ክፍል የሚጠቀም ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ባለሙያዎችን ለመሥሪያ ቤቶች ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ ለነገዎቹ ተማሪዎች የመስክ መምህሮችን ማዘጋጀትም ሥራው ነው።

አገልግሎትና ዘመቻ

ሌላው ሙከራ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመድበው፣ መምህር ላነሣቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ እርዳታ አድርገዋል። ከተማ ያደገ ወጣት የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ እንዲያውቅም ረድቷል። ነገር ግን የአገልግሎቱ ዋና ዓላማ የጎደለውን የሰው ኃይል መሙላት ነበር። ብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቆ ብቻውን የተመደበ ተማሪ ሥራውን በየሳምንቱ የሚያይለትና የሚያርምለት የሙያው ሰው ሊኖረው አይችልም። አገልግሎቱ ለተማሪው ልምድ መስጠቱ አይካድም፤ ልምድ ሳይመረመር ሲቀር ግን ስሕተትንም እንደ ልማድ ያጸናል።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ በስፋቱ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ ጕድጓድ ቆፈሩ፤ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። በብዙ ስፍራ ከባለ መሬቶችና ከአስተዳደሩ ጋር ግጭት ተነሣ፤ ሕይወታቸውን ያጡም፣ ዘመቻውን ጥለው የተመለሱም ነበሩ። በትምህርት ታሪክ ዐይን ሲታይ የዘመቻው ጕድለት የወጣቶቹ ፈቃደኝነት ማነስ አይደለም። እጅግ ከባድ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ በሙያው የበሰለ መሪ አጠገባቸው ሳይኖር፣ በወጣቶች ትከሻ ላይ መጫኑ ነው።

የተቋረጠው ሰንሰለት

ዘመቻው ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋረጠ። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤትም በዚሁ ዘመን ተዘጋ፤ ከትምህርቱ የተረፈው በሶሲዮሎጂ ሥር ተጠቃለለ። ራሱን የቻለ የሶሻል ወርክ ትምህርት እንደገና የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል።

ሠላሳ ዓመት አንድ ሠራተኛ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ የሚወስደው ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ የሠለጠኑት ባለሙያዎች በዚህ መካከል ጡረታ ወጡ፣ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ትምህርቱ ሲመለስ ሥርዓተ ትምህርት መጻፍ፣ መጻሕፍት መግዛት፣ የውጭ አገር መምህራን መጋበዝ ይቻል ነበር። በየሆስፒታሉ፣ በየፍርድ ቤቱና በየማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የተማሪውን መዝገብ የሚያርም የሶሻል ወርክ ባለሙያን ግን በአንድ በጀት ዓመት መፍጠር አይቻልም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪው ትምህርት የጎንደርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። የተማሪው ቍጥር ከመስክ መምህሮቹ ቍጥር ፈጥኖ ባደገ ጊዜ፣ ተማሪው የተመደበበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ የሌላ ሙያ ሰው ይሆናል። ሰዓት መከታተል፣ ጠባይ መመስከር ይችላል፤ ሙያውን ማረም ግን አይችልም።

በዚያው በጎንደር ከተማ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የጤናው ተማሪ በየጤና ጣቢያው ከእርሱ በፊት የተማሩ ሰዎችን ያገኛል፤ የሶሻል ወርኩ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ የመንገዱ የመጀመሪያ ተጓዥ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የተማሪዎቹ ችሎታ ሳይሆን፣ በአንደኛው ሙያ ሰንሰለቱ መቆየቱ፣ በሌላው መበጠሱ ነው።

መደምደሚያ

ነገሩ የትምህርት ጥራት ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ በዳባት፣ በደባርቅና በጎንደር ተጠልሎ ነበር። ዘመድዋን ያጣችና ልጆቿን ይዛ በመጠለያ የተቀመጠች እናት ፊት አንድ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ፣ የሚጠይቀው አንድ ያልተገባ ጥያቄ ቍስሏን ሊቀሰቅስ፣ የማይፈጸም አንድ ተስፋም እምነቷን ሊያጠፋ ይችላል። ተማሪውም የሰማውን ሐዘን የሚያካፍለው ሰው ካላገኘ ለራሱ ይጎዳል። የመስክ መምህር ሁለቱን የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው አሳብ ግልጽ ነው። ወደ መስክ የሚላኩት ተማሪዎች ቍጥር ሲወሰን፣ መመዘኛው ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች ስንት ናቸው የሚለው ብቻ ሳይሆን የመስክ መምህሮች ስንት ናቸው የሚለው መሆን አለበት። የመስክ መምህርነት በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ውለታ መሆኑ ቀርቶ ሰዓት፣ ሥልጠናና ደመወዝ ያለው ሥራ ሆኖ ይታሰብ። ከጎንደር የጤና ጣቢያዎች ልምድም መማር ይቻላል፤ ከየዓመቱ ተመራቂዎች ጥቂቶቹ በተለማመዱበት ወረዳ እንዲቀጠሩ ቢደረግ የሚመጣው ተማሪ መምህሩን በቦታው ያገኛል።

ለትምህርት ቤት መምህራንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ የማስተማር ልምምድ ሰፊ ቦታ ስለ ተሰጠው፣ በየትምህርት ቤቱ ያለው ነባር መምህር ሁሉ የመስክ መምህር ሊሆን ይችላል። ተለማማጁን ክፍሉን አስረክቦ ወደ ሻይ ቤት የሚሄድ መምህር ምናልባት አንድ ሰዓት ዕረፍት ያተርፋል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያይ፣ ከትምህርቱም በኋላ ያየውን በቅንነት የሚነግረው ግን ሌላ መምህር ይተካል። የበዓታ መምህራን አይተው፣ ሰምተውና አርመው የመሰከሩት ለዚሁ ነው።