ወጌሻው፣ ሞሰቡና ሚዛኑ

በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ አስነገሩ። ጦሩ ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዱ ወረኢሉ ነበር፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ ከመካነ ሰላም በስተ ምሥራቅ ያለው ወረኢሉ። በዚያው ወር ከአትላንቲክ ማዶ፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ዳቬንፖርት ከተማ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው የአንድን የጽዳት ሠራተኛ ጀርባ በእጁ ተጭኖ «አከርካሪውን ወደ ቦታው መለስኩት» አለ። ሠራተኛው ሃርቪ ሊላርድ ይባላል፤ ጆሮው ለዓመታት በደንብ አይሰማም ነበር። ፓልመር እንደሚለው ከዚያ በኋላ መስማት ጀመረ። ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሙያ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህች ቀን ነው።

ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ምንም ክር የለም፣ ወሩ ብቻ ነው የገጠመው። ግን እስኪ ወደ ወረኢሉ የከተተውን ሰው አስቡት። አገልግሉ ውስጥ በሶና ቆሎ አለ፣ ድርቆሽም ይኖራል። መንገድ ላይ ከበቅሎ ወድቆ እጁ ቢሰበር ወይም እግሩ ወለም ቢለው የሚጠራው ወጌሻ ነው። ምግብና አጥንት ጠጋኝ፣ ሁለቱም ቤቱ ውስጥ ነበሩት። ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች አንዳንድ ካይሮፕራክተሮች እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አስረው «ክብደት እንቀንስላችኋለን» ብለው ይሸጣሉ። ማስታወቂያው በስልካችሁ በኩል እዚህም ደርሶ ይሆናል። ታዲያ እውነት አለው? ለመመለስ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ከወጌሻው እንጀምር። አጥንት መጠገን የአንድ አገር ፈጠራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሂፖክራተስ ስሙን በተሸከሙት ጽሑፎች ውስጥ ስለ አከርካሪና ስለ መገጣጠሚያ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷል። በእኛ አገር ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ በእጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ያሻል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ ያስራል። በነገራችን ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ የምታዩ ከሆነ ቃሉ ዛሬም ሕያው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው የቡድኑ ሐኪም ወጌሻ ነው የሚባለው።

ይህን ሙያ ንቆ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲ ገደሎች መካከል ለሚኖር ገበሬ ራጅ የሚያነሳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የቀናት መንገድ ነበር። ግን ጉዳቱንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ስብራቱ ሲያብጥ ማሰሪያው ይጠብቃል፣ ደም መተላለፊያ ያጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ በመጨረሻም እጅ ወይም እግር ይቆረጣል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የታሰረ ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፣ ልጁም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

የፓልመር ሙያ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ፓልመር በአጥንትና በጡንቻ አላቆመም፤ አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ መዛባት ይመጣል ብሎ አስተማረ። ይህን ሐሳብ የዛሬ ሳይንስ አይደግፈውም። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1906 ያለ ፈቃድ በማከም ተከሶ ታስሯል። ሙያው ግን አልጠፋም፣ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1913 ካንሳስ ግዛት ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ ምርምሩ የሚለው መካከለኛ ነገር ነው። አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ለአንዳንድ የወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፣ እንደ ሌሎቹ የተለመዱ ሕክምናዎች ያህል ማለት ነው። ስብን ግን አያቀልጥም። ጀርባ ሲጫኑት «ቋ» የሚለው ድምፅ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ከክብደት ጋር የሚያገናኘው የለም።

አንድ የተዘዋዋሪ መንገድ ብቻ አለ። ወገቡን የሚያመው ሰው አይራመድም፣ የማይራመድ ሰው ይወፍራል፣ ውፍረቱ ደግሞ ወገቡ ላይ ይጫናል። ሕመሙ ከቀለለለት ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሥራውን የሚሠራው ያን ጊዜ እግሩና ሞሰቡ ነው።

ወደ ሞሰቡ እንሂድ። ፓልመር ዳቬንፖርት ላይ ጀርባ ሲጫን፣ በዚያው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዊልበር አትዋተር የተባለ ኬሚስት ኮኔቲከት ውስጥ ሰውን በትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ዛሬም የምንጠቀምበት ቁጥር ከእርሱ ሥራ የመጣ ነው፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ወደ 4 ኪሎካሎሪ፣ አንድ ግራም ስብ ወደ 9 ኪሎካሎሪ ይሰጣል። ከፓልመርና ከአትዋተር የሚደነቀው እኔ ዘንድ ሁለተኛው ነው፣ ዝናውን ግን የመጀመሪያው ወሰደው።

ቁጥሩን ወደ መካነ ሰላም አምጥተን እንሞክረው። የቦረና ደጋ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከሸለቆው አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ብትወጣ፣ ራሷን ለማንሣት ብቻ 60 በ9.8 በ1,000፣ ማለትም 588 ሺህ ጁል ወይም 140 ኪሎካሎሪ ሥራ ትሠራለች። ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወደ 560 ኪሎካሎሪ አቃጥላለች ማለት ነው። ይህ 150 ግራም ገደማ የጤፍ ዱቄት ነው። ጀርባዋ ላይ እንስራ ወይም የእንጨት ሸክም ካለ ሒሳቡ ይጨምራል። የእርሷ የወገብ ሕመም ከውፍረት የመጣ አይደለም፣ ከሸክሙ ነው። ሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ይህች ሴት እህሉን ቤት ደርሳ በድንጋይ ወፍጮ ልትፈጨው ነው።

ምግቡስ? በደጋው ገብስና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ። የእህልና የጥራጥሬ ጥምረቱ ጎበዝ ጥምረት ነው፤ ገብስና ጤፍ የሚያጥራቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን አካል ባቄላና ሽሮ ይሞሉታል። ማንም ኬሚስት ሳይነግራቸው እናቶች ሽሮን ከእንጀራ ጋር አቅርበዋል። አትክልትና ፍራፍሬው ግን ሲያንስ ኖሯል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ጾሙም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐቢይ ጾሙ ጥብቀት አስገርሞት ጽፏል። ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አገር ስለሆነ በአንድ ሰፈር ሁዳዴና ረመዳን ጎን ለጎን ይጾማሉ። ሁለቱም የተሠሩት ለነፍስ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የሚጾም ሰው ብዙ ጊዜ ሲገድፍ ያገኘዋል። የዛሬ የከተማ በያይነቱ ደግሞ በዘይት የራሰ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎካሎሪ ነው፣ የጾም ስለሆነ አይቀንስም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በዚህ አገር ቅጥነት የቁንጅና ምልክት ያልሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በወሎ ከሥቶ መታየት ማለት በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ሰው የሞተበትን መልክ መያዝ ነበር። «ወፈርክ፣ አማረብህ» የሚለው ምስጋና ከዚያ ትዝታ ጋር ነው የሚነገረው። ረሃብ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው በዝርዝር የተለካው ግን ሚኒሶታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ተመራማሪው አንሰል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ራብ አቆያቸው፤ ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ሰውነታቸው ቀዘቀዘ፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ምግብ እንደ ልብ ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ከጠፋባቸው በላይ ስብ አከማቹ። ራስን አስርቦ ክብደት የቀነሰ ሰው በዓመቱ ተመልሶ የሚወፍረው ስንፍና ስላለበት አይደለም። ሰውነቱ ረሃብ የመጣ መስሎት እየተከላከለ ነው። ቀስ ብሎ የሚቀነስ፣ ከእህሉና ከጥራጥሬው ሳይርቅ ዘይትና ስኳሩን የሚያሳንስ፣ እግርንም የሚያሠራ ለውጥ ይህን መከላከያ ብዙ አይቀሰቅሰውም።

ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. በተደረጉት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ቀጫጮቹ ከ30 በመቶ ወደ 22 በመቶ ወርደዋል፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ደግሞ ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወጥተዋል፣ በተለይም በከተማ። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንዱ ሚዛን ላይ፣ ጠዋት ክብደት መጨመር ያለባት እናት ትቆማለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለስኳርና ለደም ግፊት ሲባል መቀነስ ያለባት እህቷ።