ቅሬው ራሱ ሲመታ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምወስዳችሁ ወደ ቆቦ ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ ሲኬድ፣ የዞብል ተራራ በምሥራቅ ጋርዷት፣ ማሽላና ጤፍ ከሚበቅልበት የራያ ሜዳ ላይ ታገኟታላችሁ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ጥሪ ይሰማል። ሌላው እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ የጠራው ቅሬው ነው።

ጥሪውን የሰማ ገበሬ በሬውን ፈትቶ ይመጣል። ገበያ ሊወርድ የተነሣው ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨት ይፈልጣል። ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ እንጀራ በመሶብ ይዛ ትደርሳለች። ሟቹ ክርስቲያን ቢሆን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ቢሆን ክርስቲያኑ አይቀርም፤ ማዕዱ እንደየእምነቱ ለየብቻ ይሰናዳል፣ ልቅሶው ግን አንድ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ በቅሬው ዳኛ ፊት ቆሞ ይቀጣል። የቅጣቱ ገንዘብማ ይከፈላል፤ ሰው የሚፈራው ከቅሬ መሰረዝን ነው። የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ ማን ደርሶ ይቀብርለታል?

እኔ ይህን ከልቤ መድን እለዋለሁ። ውል የተጻፈበት ወረቀት ላይኖረው ይችላል፤ አረቦኑ ግን ጉልበት፣ እህልና ጥቂት ብር ሆኖ በየጊዜው ይከፈላል። ትርፍ የሚካፈል ባለአክሲዮን የለበትም። ማጭበርበርም አይሞከርም፤ መቃብሩን ለሚቆፍር ጎረቤት ሐሰተኛ ሞት የሚያወራ ማነው?

ታዲያ ቅሬ የቆመው ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ በሚል ነው። መከራው ዛሬ ሁላችንም ላይ ከወደቀስ?

የ77ቱ ድርቅ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን እልቂት ለዓለም አሳየ፤ ኮረም ከአላማጣ ዳገቱን ወጥታችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ያ ረሃብ የቆቦን ሜዳም አልማረም። የቅሬው ሰው ደግነት ጎድሎት አልነበረም። የሁሉም ጎተራ በአንድ ሰሞን ባዶ ሆነ፤ አዋጪውም ተረጂውም ያው ሰው ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የደረሰውን የራያ ቆቦ ሰብል በላው። ዓመቱ ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት ገባ። ጳጉሜን 4 ቀን በቆቦ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ጎረቤት ለቅሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ቀበራቸው። በዚያ ሁሉ መካከል እንኳ የመቅበር ግዴታው አልተጣለም። የተረፈውን ቤተሰብ የሚያቆም ሀብት ግን ከየት ይምጣ? አገሩ በሙሉ ተመትቷል።

የራያ ገበሬ ለዚህ ጥያቄ መልሱን በውሃ ያውቀዋል። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሊወርድ ይችላል፤ የዘነበው በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ማሳው ያስገባዋል፤ በራሱ ሰማይ ባልጣለ ዝናብ ማሽላው ያፈራል። የቅሬም ጥሪት እንዲህ ከሌላ ሰማይ ሥር መምጣት አለበት።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አድሃ በምትባል ቀበሌ 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው የዝናብ እጥረት መድን ገቡ። መድኑን የሸጠው ንያላ ኢንሹራንስ ነው፤ ኦክስፋም አሜሪካና የስዊዘርላንዱ ስዊስ ሪ ከጀርባው ነበሩ። ብር የሌለው ገበሬ አረቦኑን በልማት ሥራ ጉልበቱ ከፈለ። ዝናቡን ሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነው በታች ከሆነ ካሳው ይከፈላል። አገራችንም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ የጀመረ፣ መድን ሰጪዎችን ራሳቸውን የሚደግፍ የጠለፋ መድን ኩባንያ አላት። ወሎም ለዚህ አዲስ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ነበረች።

የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። ሳተላይቱ ዝናብ እንጂ አንበጣ አያይም። ጎርፍ የወሰደውን የአንዷን መበለት ማሳ አያይም። ቅሬው ግን ያያል፤ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደሚዋሽ በስም ያውቃል። የመድን ኩባንያው ደግሞ ቅሬው የሌለው ነገር አለው፤ ገንዘቡ ከአንድ ሜዳ ያልተሰበሰበ ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱ በአብዛኛው ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ አልተጋቡም። ቅሬን አፍርሶ በቢሮ መተካት ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ገበሬው የማያውቀውን ቢሮ ለምን ያምናል?

ስለዚህ ለቅሬ ዳኞች የምለው አለኝ። የቆቦ ቅሬዎች ሌላ ሰማይ ሥር ካሉት ከላስታ፣ ከዋድላና ከሐይቅ ዙሪያ ቅሬዎች ጋር ኅብረት ይፍጠሩ። እያንዳንዱ ቅሬ ልቅሶውንና መቃብሩን እንደ ወትሮው ይያዝ፤ ከመዋጮው ጥቂቱን ብቻ ለኅብረቱ ያውጣ። ኅብረቱም በጅምላ የጠለፋ መድን ይግዛ፤ አንድ ቅሬ ለብቻው ቢጠይቅ የሚሰማው የለም። ጉዳት ሲደርስ የተመታው አገር ዳኛ ይመስክር፤ ያልተመታው አገር ዳኛ ወርዶ ማሳውን ይይ። መዋጮውም ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ በሚገባበት ሰሞን ይሁን፤ ብር የሌለው እንደ አድሃ ገበሬ በጉልበቱ ይክፈል።